የፍትዊ መርዶ

የፍትዊን መርዶ ሊያረዱ ሦስት ሰዎች አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር የመጡ ዕለት በሩን የከፈተላቸው ፍትዊ ራሱ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ጎህ ሳይቀድ ገብቶ ሲጋግር ካነጋበት ዳቦ ቤት ገና መመለሱ ስለነበር ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው፤ በግራ እጁ የሻሂ ብርጭቆ፣ በቀኝ እጁ የተገመሰ ባኒ ዳቦ ይዟል፤ አፉም ሥራ ላይ ነበር። ከፊት የቆመችው ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ የፕላስቲክ ሽዳ የተጫማች ታጋይ ነች። ከኋላዋ ፋይል ያቀፈ ሌላ ታጋይ፣ ከእሱም ኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ኣቦይ ወልደኣብ ቆመዋል። «የፍትዊ ኣስፋው ልዑል ቤት ይሄ ነው?» አለች ታጋይዋ። ፍትዊ ጎርሶ መናገር ነውር ስለሚመስለው ራሱን ነቀነቀላት። «እናቱ አሉ?» አለች። ለዚህም ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት ወንበር አመጣላቸው፤ ሦስተኛ ስለሌለ ኣቦይ ወልደኣብን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣቸውና እናቱን ጠራ።

በኣቦይ ወልደኣብ ማንም አይፍረድ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ይህ ቤት በዚያ ጠዋት ሦስተኛቸው ነበር፤ ፍትዊንም ከሕፃንነቱ ጀምረው የሚያውቁት «ወዲ ኣኽበረት»፣ የኣኽበረት ልጅ ብለው ነው። አባቱ ኣስፋው ልጁ ጡት ሳይጥል ስለሞተ፣ ፍትዊን በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራው የነበረው የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሰው ማን ይሆን ብለው ሲያሰላስሉ መጥተው ሲያሰላስሉ ተቀመጡ።

ኣኽበረት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ታጋይዋ ብድግ አለች፤ ሌሎቹም ተነሡ፤ ፍትዊም ሰው ቆሞ እሱ መቀመጡ ስለማይሆንለት አብሮ ተነሣ። «ኣደይ» አለች ታጋይዋ፣ ብዙ ጊዜ የተባለ ነገር በሚባልበት ድምፅ፣ «ልጅዎ ታጋይ ፍትዊ ኣስፋው ልዑል ለሕዝቡና ለሀገሩ ነጻነት ሲታገል በፈረንጆች አቆጣጠር በሚያዝያ 1991 በደቀምሓረ ግንባር ተሰውቷል። የስዉእ እናት በመሆንዎ እንኮራብዎታለን።» ኣኽበረት ያለፈው እሑድ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ነበረች። ስዉእ ለሀገሩ የወደቀ ነውና አይለቀስለትም፣ እልል ይባልለታል ሲባል በጆሮዋ ሰምታለች። እሷ ደግሞ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ናት፤ ጣልያን ሲያዝ፣ እንግሊዝ ሲያዝ፣ ጃንሆይ ሲያዙ፣ ደርግ ሲያዝ እየታዘዘች ነው ስድሳ ዓመት የሞላት። እልል አለች። እልልታው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዓይኗ ፍትዊ ላይ ወደቀ፤ ልጇ ባኒውን እየዋጠ ነበር። እልልታው ተቋረጠ። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤት ኣብርሄት ግን ማንም ምንም ሳይነግራት የጎደለውን ሞላችው።

«ፍትዊ እኔ ነኝ» አለ ፍትዊ፣ ውጦ ሲያበቃ።

ታጋይዋ ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ወረቀቱን አየች። «እርግጠኛ ነህ?» አለችው። ፍትዊ እርግጠኛ መሆኑን ነገራት። ኣቦይ ወልደኣብ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እኔማ ሌላ ልጅ ያላት መስሎኝ ነበር» አሉ። ስሟ ኣርያም የሆነችው ታጋይ ገና አራት ቤት ይቀራታል። አምስት ሰዓት ላይ ቢሮዋ እንዲመጣ፣ መታወቂያውንም እንዳይረሳ አዘዘችውና ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል ሽማግሌው እጇን ያዙ። መርዶ ከገባበት ቤት ይዞ መውጣት ገድ እንዳልሆነ፣ በመንገድ ላይ የሚቀጥለውን ሰው እንደሚፈልግ ነገሯት። ኣርያም በገድ አታምንም። አራት ቤት ግን ይቀራታል። ማኅተም ያለበትን ትልቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ትታው ወጣች።

ፍትዊ ሦስቱ ስሞች አንድ ላይ ሲጠሩ ገና ነገሩ ገብቶታል። በዚህ ዓለም ላይ ፍትዊ ኣስፋው ልዑል ነኝ ብሎ ሊሞት የሚችል ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እሱ ነው፣ ሌላው ኪዳኑ። ኪዳኑ ዘርአብሩክ በዚያው ግቢ ማዶ የምትኖረው የኣደይ ዘቢብ አንድ ልጅ ነበር። በ1975 መጀመሪያ፣ ከተማው ውስጥ ወጣት መሆን በራሱ ወንጀል በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ምሽት መጥቶ የፍትዊን የተማሪ መታወቂያ «ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ልዋስበት» ብሎ ወሰደ። የራሱስ? ጠፍቶብኛል አለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ ፍትዊ ሰጠው። መጽሐፉም፣ መታወቂያውም፣ ኪዳኑም አልተመለሱም። በሳምንቱ ኪዳኑ ሜዳ ገባ፣ ታጋዮቹን ተቀላቀለ ተባለ። ፍትዊ ትምህርት ቤት ሄዶ መታወቂያ ጠፋብኝ አለና አንድ ብር ከፍሎ ሌላ አወጣ፤ ስለ መጀመሪያው ግን ለማንም፣ ለእናቱም ለኣደይ ዘቢብም ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ በኋላ ደግሞ መንገሩ ራሱ ለምን እስካሁን አልተናገርክም የሚያሰኝ ሆነበት።

የፍትዊ የራሱ ጦርነት ለወሬ የሚበቃ አይደለም። በ1989 ከዳቦ ቤት ሲወጣ በአፈሳ ተይዞ የደርግ ወታደር ሆነ፤ ሙያህ ምንድነው ሲሉት ጋጋሪ አለ፤ ጠመንጃ ሰጥተው መልሰው ተቀበሉትና ምድጃ ፊት አቆሙት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወታደር የሚበላውን ደረቅ ዳቦ፣ ኮቾሮውን ሲጋግር ኖረ። ነጻነት ሲገባ ስድስት ሳምንት በካምፕ ተቀምጦ፣ ትምህርት ተሰጥቶት፣ ወደ ቤቱ ሂድ ተባለ። ክፉ ያደረገበት የለም። ብቻ በማይ ጭሆት ስብሰባ ሲኖር የታጋይ እናቶች ከፊት ሲቀመጡ ኣኽበረት ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ልጅሽ የት ነበር ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። ቢጠይቋት ይሻላት ነበር።

ኣደይ ዘቢብ ደግሞ ነጻነት ከገባ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያልጠየቀችው ታጋይ የለም። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ትለብስና ትወጣለች፤ አንድ ቀን ጸጸራት ወዳለው ካምፕ፣ አንድ ቀን በእግሯ ዓዲ ጓዕዳድ ድረስ ትሄዳለች። ከማኪና የሚወርደውን ሁሉ «የማይ ጭሆቱን ኪዳኑ ዘርአብሩክን ታውቀዋለህ ወደይ፣ ልጄ?» ትላለች። ማንም አያውቀውም። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ትቀመጣለች። ፍትዊ በየቀኑ ከዳቦ ቤት ሁለት ባኒ ያመጣላታል፤ በገበያ አንዱ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ እሱ ግን የጠመመውን በነጻ ነው የሚወስደው። «ዛሬም የለም» ትለዋለች። «ነገ ይኖር ይሆናል» ይላታል። በመካከላቸው ያለው ወሬ ይኸው ነበር።

ቢሮው መሀል ከተማ፣ ድሮ የሌላ መንግሥት ቢሮ በነበረ ሕንፃ ላይ ነው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን አማርኛ አንዱ ሊፍቀው ጀምሮ «ጸጥታ» ላይ ሰልችቶት ትቶታል። ከሥሩ በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሴቶች ፎቶግራፍ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሁሉ ዕድሜያቸው ከሃያ አይበልጥም። ፍትዊ ፎቶ ሳይዝ መምጣቱ አሳፈረው። ተራው ሲደርስ ገባ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና እስከ ጣራው የተቆለለ የፓስታ ካርቶን አለ፤ በካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ግን ፓስታ አይደለም።

«ቁጭ በል ብጻይ» አለችው ኣርያም። ብጻይ ታጋይ ለታጋይ ጓደኛው የሚለው ቃል ነው። ከአፏ ካመለጣት በኋላ አስተውላ «ቁጭ በል» ብላ ደገመችው። ፍትዊ «እርስዎ ባሉኝ ሰዓት...» ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው። «አንቺ በለኝ። ሜዳ ላይ እርስዎ የሚባል አልነበረም።» ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ካርድ አወጣችና ፊቱ አስቀመጠች። ጠርዟ ተበልቷል፤ ጽሑፏ አማርኛ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍል አሥረኛ ለ። በማዕዘኑ ላይ ጆሮው የተገተረ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተቆጥቶ ይመለከታል። ፍትዊ ያን ቀን ለምን እንደተቆጣ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«ፎቶው እኔ ነኝ። የሄደው ሌላ ነው።»

ከዚያ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገረ። ሲናገረው አጭር ሆኖ አገኘው። ኣርያም ሳትጽፍ ሰማችው። ኬላ ላይ ያለው ወታደር ማኅተሙን እንጂ ፊቱን እንደማያይ ታውቃለች፤ እሷም ሜዳ የገባችው በአክስቷ ልጅ ወረቀት ነው። «አንተስ ሚያዝያ 1991 የት ነበርክ?» አለችው።

«ደቀምሓረ።»

«ግንባር ላይ?»

«ከግንባሩ ኋላ። ዳቦ እጋግር ነበር።»

«ለማን?»

ፍትዊ ጠረጴዛውን አየ። «ለደርግ» አለ።

«ኮቾሮ?»

«ኮቾሮም።»

ኣርያም ብዕሯን አስቀመጠች። «አንድ ምሽግ ስንይዝ ጆንያ ሙሉ አግኝተን ነበር» አለችና ከንፈሯን ገልጣ በግራ በኩል የጎደለ ጥርሷን አሳየችው። «ይሄ ያንተ ሥራ ሊሆን ይችላል።» ፍትዊ ይቅርታ ጠየቃት፤ ከልቡ ነበር። እሷም ይቅርታውን ከልቧ ተቀበለች፤ ኮቾሮውን ግን ርቧት ስለነበር በቀረው ጥርሷ እንደጨረሰችው ጨምራ ነገረችው። ስለዚህ ጉዳይ ፋይሉ ላይ አንድም ነገር አልጻፈችም።

ከካርዷ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ገልብጣ አነበበችለት። የእናት ስም በሚለው ቦታ ኣኽበረት ይላል። «ለምን የራሱን እናት አላስጻፈም?» አለች። ፍትዊ ነገራት። ኣደይ ዘቢብ በዚያን ጊዜ የፖሊስ ሰፈር ልብስ አጣቢ ነበረች። ልጅሽ ሜዳ ገብቷል የሚል ወረቀት ከሜዳ ቢያመልጥ ከሥራ መባረሩ ቀርቶ ወህኒ ይጠብቃት ነበር። ፍትዊ የሚባል ሰው ሜዳ ገባ ቢባል ግን ማን ያምናል? ፍትዊ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በየጠዋቱ ዱቄት ለብሶ የሚታይ ሰው ነው። እናቱን ለማሰር የሚመጣ ቢኖር በሩን የሚከፍትለት እሱ ነው። «ብልህ ነበር» አለች ኣርያም። «ሒሳብ ከክፍላችን አንደኛ ነበር» አለ ፍትዊ። ይህን ሲናገር ድምፁ ተሰበረና ደነገጠ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ መታወቂያው እንጂ ስለ ኪዳኑ አላሰበም ነበር። ጓደኛው ሞቷል። ከአስመራ አርባ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ነጻነት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ እሱ ከተራራው ወዲህ ሊጥ ሲያቦካ እዚያ ወዲያ ሞቷል።

ኣርያም እስኪረጋጋ ጠበቀችው። «ስሙን ለማስተካከል» አለች በኋላ፣ «እናቱ መጥታ መፈረም አለባት። አብረውት የነበሩትን ምስክሮች እኛ እንፈልጋለን። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተን እናረዳታለን። ግን የምንይዘው ወረቀት ያንተ ስም ያለበት ነው። ልጄ ፍትዊ የሆነው እንዴት ነው ካለችኝ ምን ልበላት? እሱን የምታውቀው አንተ ነህ።» ከዚያ ድምፇን ዝቅ አደረገች። «ዝም ብትልም ትችላለህ። እኔ ዛሬ የሰማሁትን ካልጻፍኩ መዝገቡ ባለበት ይቀመጣል። እናትህ የስዉእ እናት ትሆናለች። አንተም በስም አሥራ ስድስት ዓመት ከእኛ ጋር ታግለሃል። ያቺ ሴት ደግሞ ስትጠይቅ ትኖራለች። እስከ ነገ ጠዋት ወስን።»

ፍትዊ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሁለት አውቶቡስ አሳለፈ። ከጀርባው ባለው ቡና ቤት አራት ታጋዮች አንድ ካፒቺኖ መሀላቸው አስቀምጠው እየተቀባበሉ ይጠጣሉ፤ አስተናጋጁ ሂሳቡን እንደማይቀበላቸው ከወዲሁ ይምልላቸዋል። ፍትዊ ነገሩን በልቡ ይለማመዳል። ኣደይ ዘቢብ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር። ይህ ብድር የሚጠይቅ ሰው አነጋገር ሆነበት። ኣደይ ዘቢብ፣ የኪዳኑ ነገር። ይህን ካለ ቀጥሎ የሚለው ሳያልቅለት እሷ ትወድቃለች። ኣደይ ዘቢብ፣ እግዜር ያጽናዎት። ይህ ትክክለኛው ነው፤ ግን የጎረቤቷ ልጅ፣ የደርግ ጋጋሪ፣ ልጇ በስሙ የሞተለት ሰው በምን አፉ ይበለው? ሆድ ይፍጀው ብሎ አሥራ ሰባት ዓመት የያዘው ነገር፣ አንድ ቀን ቢጨመርበት ምን ይላል የሚል ሐሳብም ሽው አለበት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሱን ያወጣው መልአክ ለሁለት ሰው እንዲበቃ አድርጎ ሳይሆን አይቀርም ያወጣው። ሦስተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተሳፈረ።

ቤት ሲደርስ ለፍትዊ ልቅሶ የመጡ ሦስት ሴቶች አገኘ። ፍትዊ ሲገባ ብድግ ብለው ሰላም አሉት። ነገሩ ስሕተት መሆኑን ያውቃሉ፤ ኣብርሄት ለሰፈሩ ሁሉ እየሳቀች ነግራለች፤ ነገር ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት የገባበት ቤት ሳይደርሱ መቅረት አልሆነላቸውም። አንዷ ስኳር፣ አንዷ ሻሂ ቅጠል ይዛ መጥታለች። ኣኽበረት ጥቁር ሳትለብስ፣ ነጭም ሳትለብስ፣ መሀል ቤት ተቀምጣለች። ወረቀቱ ቡፌው ላይ ነው። የባሏን የኣስፋውን የሠርግ ፎቶ ከፍሬሙ አውጥታ ወረቀቱን አስገብታበታለች፤ ኣስፋው ያለ ፍሬም ራቁቱን ከጎኑ ተደግፎ ቆሟል። ሴቶቹ ሻሂያቸውን ጠጥተው፣ ለፍትዊ ረጅም ዕድሜ ተመኝተው ወጡ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ፍትዊ ወደ ወረቀቱ እያየ «ኪዳኑ ነው» አለ።

ኣኽበረት ዓይኗን ጨፈነች። «ስምህን ምን አደረገው?»

«ወሰደው።»

«አንተ ሰጠኸው?»

«ለቤተ መጻሕፍት ነው ብሎኝ ነበር።»

ኣኽበረት እጇን ዘርግታ የፍሬሙን ጫፍ ነካች። «ዛሬ ኣብርሄት ቤት ስገባ ወንበሯን ለቀቀችልኝ» አለች። «ታውቃለህ? ቀልድ መሆኑን እያወቀች ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ዓመት ከመንፈቅ በስብሰባው በር ሥር ተቀምጬ እግሬን ብርድ ሲበላው ማንም ወደዚህ ጠጋ በይ አላለኝም። እኔ ምን አደረግሁ? ልጄን አፍሶ የወሰደብኝ ደርግ ነው፤ አልቅሼ ነበር፤ በበሩ ላይ ተንከባልዬ ነበር።» ያለችው ሁሉ እውነት ነው። «ለዛሬ ይደር» አለች። «ነገ በራሳቸው እጅ ይውሰዱት።»

«ነገ ለኣደይ ዘቢብ ነው የሚመጡት። እኔ ካልነገርኳት አይገባትም።»

«እሷ እንደሆነች እየጠበቀች ነው። መጠበቅም እኮ አንድ ነገር ነው ፍትዊ። እኔ አንተ ስትታፈስ ሁለት ዓመት የኖርኩት በሱ ነው።»

ፍትዊ ተነሣና ፍሬሙን ከቡፌው ላይ አወረደ። ኣኽበረት አልከለከለችውም፤ አላገዘችውምም። ጀርባውን ሊከፍት ሚስማሩ ሲያስቸግረው ግን ከእጁ ነጠቀችው፤ በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ነቀለችና ወረቀቱን ሳታጥፈው ሰጠችው። የባሏን ፎቶ ወደ ቦታው ስትመልስ ልጇን ቀና ብላ አላየችውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ፍትዊ ግቢውን ሲያቋርጥ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ወለል ብሎ የሚውለው የኣደይ ዘቢብ በር ተዘግቶ አገኘው። አንኳኳ። «ግባ፣ አልተቆለፈም» አለችው። ክፍሏ አንዲት ናት፤ አልጋ፣ ሣጥን፣ የማርያም ሥዕልና፣ ከአልጋው ትይዩ ማንም የማይተኛበት ሁለተኛ አልጋ፣ ብርድ ልብሱ የተወጠረ። ኣደይ ዘቢብ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። የተለቀመውን ከአልተለቀመው ጋር ቀላቅላ እንደገና እንደምትለቅም ፍትዊ ያስተዋለው ቆሞ ትንሽ ካየ በኋላ ነው። ወረቀቱን አየች፤ መልቀሟን ቀጠለች።

«ኣብርሄት ነገረችኝ» አለች። «የፍትዊ መርዶ መጣ አለችኝ። በጣም ሳቀች።»

«እርስዎስ ኣደይ?»

«እኔ አልሳቅሁም።»

ፍትዊ ፌርማታው ላይ ካዘጋጃቸው ቃላት አንዱም አልመጣለትም። ከበሩ አጠገብ ባለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «መታወቂያዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለመጽሐፍ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ፈራሁ። አልነገርኩዎትም። ማንም ኪዳኑን የማያውቀው ለዚህ ነው፤ ሜዳ ላይ ፍትዊ ነበር የሚባለው። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ኣደይ ዘቢብ።

ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። የዛሬ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጸጸራት ካምፕ በር ላይ ክራንች የያዘ ልጅ አግኝታ እንደ ልማዷ ጠይቃው ነበር። «ኪዳኑ የሚባል አላውቅም ኣደይ አለኝ። የማይ ጭሆት ልጅ ግን አንድ አውቃለሁ፣ ፍትዊ ኣስፋው ይባላል አለኝ። ሒሳብ ያስተምረን ነበር፤ ሲያሰላ የጆሮውን ጫፍ ይስባል አለኝ።» እጇ ሳታውቀው ወደ ራሷ ጆሮ ሄደ። «ፍትዊማ እቤቱ ነው፣ ዳቦ ይጋግራል አልኩት። ሌላ ቃል ሳይጨምር ጥዬው ሄድኩ። ሲጠራኝ ዞር አላልኩም።»

«ታዲያ ከዚያ ወዲህ» አለ ፍትዊ፤ «በየቀኑ ኪዳኑን አያችሁ ወይ እያሉ...»

«ፍትዊን ብዬ ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር። ኪዳኑ ስላቸው አናውቀውም ይሉኛል። የማያውቁትን ሰው ሞተ አይሉም ወደይ።»

በሩ ተከፈተና ኣኽበረት ገባች። ነጠላዋን ለልቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቃ ለብሳለች። ማንንም ሰላም ሳትል፣ ከዘቢብ ጎን፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ ፍትዊ አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠው አይቷቸው አያውቅም። «ነገ ሁለት ሰዓት ይመጣሉ» አለ። «ስሙን ያስተካክላሉ።»

«ነገ ያስተካክሉ። ዛሬ አንብብልኝ» አለች ዘቢብ።

ፍትዊ ተነሥቶ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኣደይ ዘቢብ ማንበብ አትችልም፤ ይህ እንደሚረዳው አስቦ፣ «ታጋይ ኪዳኑ ዘርአብሩክ» ብሎ ጀመረ።

«ኣይፋል፣ አይሆንም» አለች። «እንደተጻፈው አንብበው። ጓደኞቹ ኪዳኑ የሚባል አያውቁም። የወደቀ ጊዜ የጠሩት በተጻፈው ስም ነው።»

ፍትዊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታጋይ ፍትዊ ኣስፋው ልዑል» አለ፤ የገዛ ስሙ በአፉ ከበደው፤ ግን ቀጠለ፤ የሀገር ነጻነቱን፣ ሚያዝያን፣ ደቀምሓረን አንብቦ ማኅተሙ ላይ ደረሰ። ኣደይ ዘቢብ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ዓመት ሙሉ የያዘችውን ለቀቀችው። በሰፈሩ ስብሰባ አይለቀስም የተባለውን ልቅሶ፣ ደረቷን እየመታች፣ ግቢው እስኪሰማ አለቀሰችው። «ፍትዊ!» አለች። «ፍትዊ ወደይ! ወዴት አለህ?» ኣኽበረት ደንግጣ ልጇን አየች። ፍትዊ ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ፍትዊ ወደይ!»

«አቤት ኣደይ» አለ።

እንደገና ጠራችው። እንደገና አቤት አላት።